የአየሩ ጠባይ ወይናችንን እንዴት ይሠራዋል? ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ተራራው ሥር፣ የቤተሰባችን የወይን ማሳ አለ። አባታችን ነው የጀመረው፤ አሁን እህቴና እኔ ከእሱ ጋር እንሠራበታለን። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጠርሙሱ ነው። ጥቂት ከቀመሰ በኋላ ግን ወሬው ወደ ዝናቡና ወደ ሙቀቱ ይዞራል። «አምና የጠጣነው እንዲህ አልነበረም፤ ምን ሆኖ ነው?» ይሉናል። ደጋግመን የምንመልሰውን እዚህ ጽፈነዋል።

ሰሜን ሸዋ ብርድ አይደለም እንዴ? ወይን እንዴት ይበቅላል?

ሰሜን ሸዋ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው ደብረ ብርሃን ነው። ጋቢና ካፖርት የሚለበስበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ደጋ። እውነት ነው፣ እዚያ ወይን ተክሎ ጠጅ መጥመቅ አይሞከርም። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ሲል ውርጭ ይወርዳል። ለጋ የወይን ቡቃያ ደግሞ ከዜሮ በታች አንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ ይበቃዋል። በማግስቱ ጠቁሮ ነው የሚገኘው።

ሰሜን ሸዋ ግን ደጋ ብቻ አይደለም። በደሴ መንገድ ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ደብረ ሲና ላይ ብርዱ ይለዝባል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሹራብ አውልቃችኋል። ከተማው ያለው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ በደብረ ብርሃንና በእኛ መካከል የ10 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም፤ ለወይን ግን ሌላ አገር ነው።

ወይን በብርድ ወቅት ቅጠሉን አርግፎ ይተኛል ይባላል። እዚህ ብርድ ከሌለ መቼ ይተኛል?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ሥራችን ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በፈረንሳይ ወይም በጣሊያን ወይኑ ቅዝቃዜው ሲገባ ቅጠሉን ያረግፋል፣ ወራት ይተኛል፣ ሙቀቱ ሲመለስ ይነቃል። ቀኑን የሚቆርጥለት አየሩ ነው። ገበሬው ይከተላል።

እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው። ወይኑን የሚያስተኛ ቅዝቃዜም የለም። ዝም ብለው ቢተዉት ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል። አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ፍሬ ያበስላል። ከአንድ ሐረግ ላይ ጥሬና የበሰለ ዘለላ አብሮ ይገኛል። ለሚበላ ወይን ይህ አይከፋም፤ ጓሮ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ለሚጠመቅ ወይን ግን አይሆንም። ፍሬው በአንድ ጊዜ መድረስ አለበት።

ስለዚህ የምናስተኛውም የምናነቃውም እኛ ነን። መጀመሪያ ውሃ እንቀንስበታለን። ከዚያ በመቀስ እንገርዘዋለን። ግርዘቱ ነው የሚያነቃው። ከተገረዘበት ቀን ጀምሮ እስከ ለቀማ ከአራት እስከ አምስት ወር ይወስዳል። ይህ ማለት ፍሬው የትኛውን ዝናብ፣ የትኛውን ፀሐይ፣ የትኛውን ሌሊት እንደሚያገኝ የሚወሰነው መቀሱን ባነሳንበት ቀን ነው። ዝናቡን ማዘዝ አንችልም። ዝናቡ ሲመጣ ወይኑ የት ደረጃ ላይ እንደሚሆን ግን መወሰን እንችላለን።

ታዲያ መቼ ትገርዛላችሁ?

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ። ቀኑን የምናገኘው ወደ ኋላ ቆጥረን ነው።

የእኛ ቆላ ሁለት ዝናብ አለው። ትልቁ የክረምቱ ነው፤ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስከረም። ትንሹ የበልጉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ይጀምርና መጋቢትንና ሚያዝያን ይይዛል። በሁለቱ መሀል ያለችው ደረቅ ጊዜ ለእኛ ወርቅ ናት። ፍሬው ተወልዶ፣ አድጎ፣ በስሎ መለቀም ያለበት በእሷ ውስጥ ነው። በልጉ ሳይደርስ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መጀመሪያ ላይ ለመልቀም ከፈለግን፣ አራት ወር ከምናምን ወደ ኋላ ስንሄድ መስቀል ላይ እናርፋለን።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። መስከረም መጨረሻ ይገረዛል። በሁለት ሳምንት ገደማ እምቡጡ ይፈነዳል። ኅዳር መጀመሪያ አካባቢ ያብባል። ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ገና ሲቃረብ፣ ጥሬው ፍሬ ቀለም መቀየር ይጀምራል። ከጥምቀት በኋላ በየቀኑ መቅመስ እንጀምራለን።

ከግርዘቱ በኋላ ባሉት ቀናት አንድ ነገር እናያለን። የተቆረጠው ቦታ ጠብ ጠብ የሚል ንጹሕ ውሃ ያወጣል። እንግዶች ተክሉ የታመመ ይመስላቸዋል። አልታመመም። ሥሩ ሞቆት፣ አፈሩ ርሶ፣ ውሃ ወደ ላይ እየገፋ ነው ማለት ነው። አባታችን በየሐረጉ እየዞረ ጫፉን በጣቱ ይነካል። የሚያነባ ከሆነ ክረምቱ በቂ ውሃ ትቷል። ደረቅ ከሆነ ግን ቡቃያው ሳይወጣ መስኖ ማጠጣት አለብን።

ሌላ ችግርም አለ። ቅዝቃዜ ያላየ ወይን እኩል አይነቃም። ጫፍ ላይ ያለው እምቡጥ ቀድሞ ይወጣና የታችኞቹ ተኝተው ይቀራሉ። ትልልቅ እርሻዎች ለዚህ የማንቂያ ኬሚካል ይረጫሉ። እኛ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገን ሽቦው ላይ እናስረዋለን። ጫፉ ዝቅ ሲል የመሀሎቹም ዕድል ያገኛሉ። ጊዜ ይበላል፤ ግን ይሠራል።

በዓመት ሁለት ጊዜ መልቀም አይቻልም?

ተክሉ ይችላል። እኛ አንፈልግም።

የካቲት ላይ ከለቀምን በኋላ ወዲያው ገርዘን ለሁለተኛ ፍሬ ብናዘጋጀው፣ በበልግ ዝናብ ያብብና በሐምሌ ዝናብ ይበስላል። ሐምሌ ላይ የበሰለ ፍሬ ውሃ ይሞላዋል። ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል፣ ስኳሩም አይደርስም። ስለዚህ መጋቢት ላይ የምንገርዘው ለእንጨት ብቻ ነው። የሚወጣውን አበባ እንቆርጠዋለን፤ ተክሉ ለመስከረም የሚሆን ጠንካራ ቅርንጫፍ ያሳድጋል። ሁለት ግርዘት፣ አንድ ለቀማ። በሕንድ ናሺክ አካባቢ ያሉ ወይን አምራቾችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። እነሱም የክረምት ዝናብ ያለበት ሞቃት አገር ስላላቸው ከአውሮፓ ይልቅ ከእነሱ ብዙ እንማራለን።

ክረምት ላይ ፍሬ ከሌለ እረፍት ነው ማለት ነው?

በፍጹም። ከዓመቱ ሁሉ የሚያደክመን ክረምቱ ነው።

ፍሬ ባይኖርም ቅጠል አለ። ቅጠሉ የሚሠራውን ምግብ ግንዱና ሥሩ ያጠራቅሙታል። መስከረም ላይ የሚፈነዳው እምቡጥ የሚበላው ይህንን ስንቅ ነው። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ከረገፈ ጥር ላይ ዘለላው ይሳሳል።

ቅጠል የሚያረግፈው ትልቁ ጠላት በእርጥበት የሚመጣው ሻጋታ ነው። የቅጠሉ ፊት ላይ ዘይት የነካው የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል። ገልበጥ ስታደርጉት ከሥሩ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ። ወይን ገበሬዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ መለኪያ አለ፦ ቡቃያው 10 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነና 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ ሻጋታው ሊነሣ ይችላል። የእኛ ሐምሌ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያሟላል። ስለዚህ የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ድብልቅ እንረጫለን። ይህ ድብልቅ በፈረንሳይ ቦርዶ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ስሙም «የቦርዶ ድብልቅ» ነው። ዝናብ ያጥበዋል፤ እንደገና እንረጫለን። መዳብ አፈር ውስጥ ስለሚጠራቀም ግን ዝም ብሎ መድገም ልክ አይደለም። መጀመሪያ ቅጠል መቀነስ፣ ነፋስ በመስመሮቹ መሀል እንዲያልፍ ማድረግ ይቀድማል።

ሁለተኛው ጭንቀት የሚተኛ ውሃ ነው። ታች ያለው ሜዳ መረሬ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ የወይን ሥር ደግሞ ታፍኖ አይኖርም። እኛ የተከልነው ከፍ ባለው ጠጠራማ መሬት ላይ ነው። ያም ሆኖ ሐምሌ ሳይገባ የውሃ መውረጃውን ቦይ እንቆፍራለን።

አበባ ላይ እያለ ዝናብ ቢጥልስ?

ያስፈራናል። የወይን አበባ በጣም ትንሽ ነው፤ ቀረብ ብሎ ያላየ ሰው ማበቡንም አያውቅም። አበባው አረንጓዴ ቆብ አለው። ቆቡ ሲወልቅ ዱቄቱ እዚያው ራሱ ላይ ያርፋል፤ ንብ እንኳ ብዙም አያስፈልገውም። የሚፈልገው ደረቅ አየርና ደህና ሙቀት ነው። ዝናብ ከጣለ ቆቡ ተጣብቆ ይቀራል። አበባው ፍሬ ሳይሆን ይረግፋል። ዘለላው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ክፍት ክፍት ብሎ ይቀራል።

ኅዳር በተለምዶ ደረቅ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ተጥለቀለቀ። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ የደረሰ ማሽላንም ጤፍንም ያበላሻል፤ ለወይን ደግሞ አበባ ላይ ስለሚገናኘው ጉዳቱ የዓመቱን ፍሬ ይነካል። ለዚህ ነው መስከረም ላይ የሚቲዎሮሎጂውን የበጋ ትንበያ ሳንሰማ መቀስ የማናነሳው። ትንበያው እርጥብ በጋ ካለ ማሳውን ከፋፍለን በተለያየ ሳምንት እንገርዛለን። አንዱ ቢመታ ሌላው ይተርፋል።

ሙቀት ከበዛ ወይኑ ይጣፍጣል?

ይጣፍጣል፤ ግን ጣፋጭነት ብቻውን ወይን አያደርግም።

ሙቀት ስኳር ይጨምራል። ስኳሩ ሲፈላ አልኮል ይሆናል፤ በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ገደማ ስኳር አንድ ከመቶ አልኮል ይሰጣል። በዚያው ሙቀት ግን ፍሬው ኮምጣጣነቱን ያጣል። ወይን ውስጥ ያለው አንዱ አሲድ፣ ማሊክ የሚባለው፣ በሙቀት ጊዜ ተክሉ ራሱ ያቃጥለዋል። ኮምጣጣነቱ የሌለው ወይን አፍ ውስጥ ይከብዳል፤ ሕይወት የለውም። ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደግሞ ቅጠሉ ሥራውን ይቀንሳል። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያገኘው ፍሬም ይቃጠላል፤ በአንድ ጎኑ ቡናማ ሆኖ ይጨማደዳል።

እኛን የሚያድነን ሌሊቱ ነው። በስተምዕራብ የጣርማ በር ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቶሎ ከኋላው ትገባለችና ማሳው ቀድሞ ጥላ ያገኛል። ሲመሽ ደጋው ላይ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ በሸለቆዎቹ ወደ እኛ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ቡቃያ የሚገድለው ብርድ እኛ ጋ ሲደርስ ለዝቦ ፍሬውን ያረጋጋዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከቤት ስንወጣ ነጠላ እንደርባለን። ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ስኳሩም ይመጣል፣ ኮምጣጣነቱም ይቆያል፣ የቀዩ ወይን ልጣጭ ቀለሙም ይደምቃል። ደመና ያለበት ታኅሣሥ ሲሆን ሌሊቱ አይቀዘቅዝም፤ ያን ዓመት ቀዩ ይገረጣል።

የነጩ ወይናችን ዝርያ ሸኒን ብላን ነው፤ በሞቃት አገርም ኮምጣጣነቱን ስለሚይዝ መረጥነው። የቀዩ ሲራ ነው፤ ሙቀት ይችላል።

በጋው ደረቅ ነው ብላችኋል። ውሃ ከየት ታመጣላችሁ?

ከሮቢ ወንዝ በቦይ። ሽንኩርትና ማንጎ ያላቸው ጎረቤቶቻችን ሁሉ የሚጠቀሙበት ነው፤ ተራውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ናቸው። ወንዙ ታኅሣሥ ላይ ይቀንሳል፤ ተራውም ይራራቃል።

ለሽንኩርት ይህ ጭንቅ ነው። ለወይን ግን፣ በልክ ከሆነ፣ ጥሩ ነው። ፍሬው ቀለም መያዝ ከጀመረ በኋላ ትንሽ የተጠማ ሐረግ ፍሬውን አያሳብጥም። ፍሬው ትንሽ ሲሆን ልጣጩ ከጭማቂው አንጻር ይበዛል፤ ቀለምና ጣዕም ያለው ደግሞ ልጣጩ ላይ ነው። ብዙ ያጠጣ ሰው ብዙ ኪሎ ይለቅማል፤ ሲጠምቀው ግን ውሃ ውሃ ይላል።

ልኩን የምናውቀው ሐረጉ የሚጠመጠምባቸውን ቀጫጭን ክሮች በማየት ነው። ጠዋት ላይ ቀና ብለው ወደ ፊት የሚዘረጉ ከሆነ ውሃ አለው። ጫፋቸው ተንጠልጥሎ ካደረ መጠማት ጀምሯል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ከጀመረ ግን ዘግይተናል፤ እንዲህ የተጎዳ ተክል ማብሰሉን ያቆማል።

በልግ ቀድሞ ከገባስ?

የመጀመሪያው ካፊያ ብዙ አያስፈራም፤ ነፋስ ካለ ይደርቃል። ሁለት ሦስት ቀን ተከታትሎ ከዘነበ ግን ሥሩ ውሃውን ይስብና ስኳሩ ይቀጥናል። ሸኒን ብላን ዘለላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ፍሬዎቹ ሲያብጡ እርስ በእርስ ይጨናነቃሉ፣ አንዱ ይፈነዳል፣ ግራጫ ሻጋታ ከዚያ ይነሣል። ስለዚህ ደመናው ከምሥራቅ መቋጠር ሲጀምር ነጩን ቀድመን እንለቅማለን። ትንሽ ጥሬ ቢሆንም ይሻላል፤ ነጭ ወይን ኮምጠጥ ማለቱ አይጎዳውም። ሲራው ልጣጩ ጠንከር ስለሚል ጥቂት ቀን ይታገሣል።

በረዶስ?

የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው፤ በብዛትም በበልግና በክረምት እንጂ በፍሬ ጊዜ አይደለም። ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ከወረደ ቁስሉ እንዳይበሰብስ በማግስቱ መዳቡን እንረጫለን።

ወፍ አያስቸግራችሁም?

ያስቸግራል፤ እሱም ከወቅቱ ጋር የተያያዘ ነው። ማሽላው ማሳ ላይ እያለ ወፍ ወደ እኛ አይመጣም። ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ታጭዶ ሲያልቅ፣ የእኛ ፍሬ መጣፈጥ የሚጀምርበት ጊዜ ይሆንና መንጋው ይዞራል። ያኔ የማሽላው ማማ ወደ ወይኑ ይሻገራል፤ የሠፈር ልጆች ወንጭፍ ይዘው ይወጡበታል። ዝናብ ያነሰበት ዓመት ሲሆን ጦጣና ዝንጀሮም ከተራራው ይወርዳሉ።

አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገር ጭስ ነው። አጨዳው ሲያልቅ አገዳና አረም ይቃጠላል። ቀለም መያዝ የጀመረ የወይን ፍሬ ጭሱን በልጣጩ ይስበዋል። ፍሬውን ስትቀምሱት አይታወቅም፤ ከፈላ በኋላ ግን አመድ አመድ ይላል። ጎረቤቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ እኛ ለቅመን እስክንጨርስ ይታገሡናል። ትልቅ ውለታ ነው።

የለቀማውን ቀን በምን ታውቃላችሁ?

የስኳር መለኪያ መሣሪያ አለን፤ አንድ ጠብታ ጭማቂ ተጨምቆበት ወደ ብርሃን ይታያል። ለቀዩ 23 ዲግሪ ብሪክስ (የጭማቂ ስኳር የሚለካበት አሃድ ነው) አካባቢ እንፈልጋለን። እሱ ሲፈላ 13 ከመቶ ገደማ አልኮል ይሰጣል።

ቁጥሩ ግን ግማሽ መልስ ነው። ሞቃት ዓመት ሲሆን ስኳሩ ይቀድማል፤ ፍሬው ውስጡ ሳይበስል መሣሪያው «ደርሷል» ይላል። ስለዚህ እህቴ ከየመስመሩ፣ ከጥላውም ከፀሐዩም በኩል፣ ፍሬ ትሰበስባለች። ልጣጩን ለብቻ ታኝካለች። አፍ የሚያደርቅ ከሆነ ይቆይ ትላለች። ዘሩን መዳፏ ላይ ታወጣዋለች፤ አረንጓዴ ከሆነ አልደረሰም። ቡናማ ሆኖ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ካለ በስሏል። እኔ በእሷ ጥርስ ከመሣሪያው ይልቅ አምናለሁ።

የምንለቅመው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትከር፣ እስከ 3 ሰዓት ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ ፍሬ ሳይሞቅ ጋን ውስጥ መግባት አለበት። የሞቀ ፍሬ ገና በቅርጫቱ ሳለ በራሱ መፍላት ይጀምራል።

ከተለቀመ በኋላስ አየሩ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል። በዚያ ላይ የቆላ ቀን ሲጨመርበት ጋኑ ይግላል። ከ35 ዲግሪ ካለፈ እርሾው ይደክማል፤ ስኳሩን ሳይጨርስ ይቆማል። ያኔ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ቦታውን ይይዛል። ለዚህ ነው ጋኑን እርጥብ ጆንያ የምናለብሰውና ደጋግመን ውሃ የምናርከፈክፍበት። ነጩ ደግሞ ቀዝቀዝ ብሎ ቀስ ብሎ መፍላት ይወዳል፤ ከ18 ዲግሪ በታች ቢሆን መዓዛው ይቆያል። እኛ ማቀዝቀዣ ያለው በርሜል የለንም። ስለዚህ የነጩ ጭማቂ በተለቀመበት ቀን ማታ በመኪና ወደ ደብረ ሲና ይወጣል። እዚያ አክስታችን ቤት፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ይፈላል። ቀዩም ፈልቶ ከጠራ በኋላ ወደዚያው ይሄዳል፤ የግንቦትና የሰኔን የቆላ ሙቀት እዚህ ቢያሳልፍ ቶሎ ያረጃል።

የፋብሪካ ወይን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የእናንተ ለምን በየዓመቱ ይለያያል?

ትልቅ ፋብሪካ ከብዙ ማሳ የመጣውን ቀላቅሎ የለመዳችሁትን ጣዕም መጠበቅ ይችላል። ሙቀቱንም በማሽን ይቆጣጠራል። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እነ አዋሽና በባቱ ያለው ካስትል ለአገራችን ወይን ያደረጉት ቀላል አይደለም። የእኛ ግን አንድ ተዳፋት ነው፤ የሚቀላቀል ሌላ ማሳ የለም። ደረቅና ብርዳማ ታኅሣሥ የነበረበት ዓመት ወይን ጠቆር ያለና አፍ የሚይዝ ይሆናል። ደመና የበዛበት ዓመት ቀለል ይላል፤ ቶሎ ቢጠጣ ይሻላል። ለዚህ ነው ጠርሙሱ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በትልቁ የምንጽፈው። ስትገዙ እሱን ጠይቁን፣ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር እንነግራችኋለን።

ለቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ታዘጋጃላችሁ?

አዎ፣ ጥቂት። ዘቢብ የሚያምረው ደረቅ አየር ሲያገኝ ስለሆነ በጥር መጨረሻ ጥላ ሥር እናሰጣለን። በልግ የቸኮለበት ዓመት አይሆንም።

እኛም መትከል ብንፈልግስ?

ደጋ ላይ ከሆናችሁ ለወይን ጠጅ ብላችሁ አትልፉ። በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም፣ በምንጃር ሸንኮራ ወይም በጀማ ሸለቆ ቆላና ወይና ደጋ መሬት ካላችሁ ይሞከራል። ውሃ የማይተኛበት ተዳፋት ምረጡ። የምንጃር ገበሬዎች ለሽንኩርት ችግኝ ክረምት ላይ ውሃ በኩሬ ያጠራቅማሉ፤ ለወይንም ያ ዘዴ ይሆናል። ቀጥሎ የራሳችሁን ቀበሌ ዝናብ በደብተር መዝግቡ። የሸዋ ሮቢትን የግርዘት ቀን ወስዳችሁ አረርቲ ላይ አትጠቀሙበት፤ አረርቲ ከፍ ስለሚል ፍሬው ለመድረስ ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል። ጥሩ ፍሬ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው የሚጠበቀው።

ማሳውን ለማየት መቼ ብንመጣ ይሻላል?

ግርዘቱን ለማየት መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ለቀማውን ለማየት ጥር መጨረሻ። ለለቀማ የምትመጡ ከሆነ ዋዜማውን ሸዋ ሮቢት እደሩ፤ ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነሥታችሁ ስትደርሱ ሥራው አልቆ ትደርሳላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዋናው መንገድ ወደ እኛ የሚያስገባው ኮረኮንች ስለሚጨቀይ ትንሽ መኪና አይገባም፤ ደውላችሁ ጠይቁን።